ከአራተኛው ሲሊንደር በኩል ጭስ የሚያሾልክ ማኒፎልድ

መኪናዬ ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ ሞተሯ 4ኤ-ኤፍኢ፣ 1.6 ሊትር። የፋብሪካውን የጭስ ማውጫ ማኒፎልድ (ከሲሊንደሮቹ የሚወጣውን ጭስ የሚሰበስበውን ቱቦ) አውልቄ ባለአራት ቱቦ አዲስ ማኒፎልድ ከነጓርኒሲዮኑ (ጭስ እንዳያሾልክ በመሐል ከሚገባው ስስ ማሸጊያ ጋር) ቤቴ ውስጥ ገጠምኩ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ከአራተኛው ሲሊንደር በኩል ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ሲሞቅ ይጠፋል። ዳዶዎቹን ከመሐል ወደ ዳር በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ደግሜ አጠበቅሁ፣ ጓርኒሲዮኑንም ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ፈትቼ ሳየው በአራተኛው ቀዳዳ ጠርዝ ላይ የጥላሸት መስመር አለ። በፍላንጁ (ማኒፎልዱ ከሞተሩ ጋር በሚታሰርበት ጠፍጣፋ ብረት) ላይ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ሳጋድም እዚያው ቦታ 0.4 ሚሊሜትር ክፍተት አገኘሁ። የቴስታታው (ማኒፎልዱ የሚታሰርበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ፊት ግን ልሙጥ ነው። ሁለት ጓርኒሲዮን ደርብ የሚሉኝ አሉ፤ ሙቀቱ ቶሎ ያቃጥለዋል ብዬ ስለምሰጋ አልተቀበልኩትም። የፍላንጁ ውፍረት 8 ሚሊሜትር ነው፤ ቶርኖ ቤት ወስጄ ባስላጨው ሙቀት ሲያገኘው ተመልሶ ይጣመም ይሆን?