ጎጃም የመስኖ መሬት ልግዛ ላልከው ወንድማችን

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖቼ፣ እንደምን ከረማችሁ። አንድ ደላላ መራዊ አካባቢ 2 ሄክታር የመስኖ መሬት አለ ይለኛል። «ድኩላና ጅግራ የሞላበት ነው፤ ጡረታ ስትወጣ እያደንክ ትኖራለህ» አለኝ። ቀብድ ላክ እያለኝ ነው። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አምስት ሳንቲም እንዳትልክ። የገጠር መሬት ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የግል መሆኑ ቀርቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 40 ላይ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ደላላው የሚያስፈርምህ የሽያጭ ውል ፍርድ ቤት ቢቀርብ ዋጋ የለውም።

የሚቻለው ከገበሬ መከራየት ነው። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ወረዳው መሬት አስተዳደር ዘንድ ይመዝገብ። የይዞታ ደብተሩን ገልጠህ እይ። መሬቱ የባልና የሚስት ከሆነ የሁለቱም ፎቶ አለበት፣ ሁለቱም ይፈርማሉ። ባልየው ብቻውን ጠላ ቤት ተቀምጦ የፈረመው ወረቀት ነገ ጣጣ ነው። ሰፋ ያለ እርሻ ካሰብክ ደግሞ ከክልሉ በኢንቨስትመንት ሊዝ ትጠይቃለህ። ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ካለህ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መቆጠር ትችላለህ።

አሁን ወደ ውኃው። መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ የተሠራው 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያጠጣ ነው። ግን «መስኖ አለው» ማለት ውኃው ማሳህ ይደርሳል ማለት አይደለም። ውኃ በተራ ነው የሚለቀቀው፤ ቦዩ ጫፍ ላይ ያለ ሰው ተራው ሌሊት ይደርስና ላይኞቹ ጠልፈውት ያድራል። በመስከረም ሄደህ እንዳትወስን፣ ያኔ ጎጃም የትም ውኃ ነው። መጋቢት ላይ ሂድና ቦዩን ተከትለህ እስከ መጨረሻው በእግርህ ውረድ። ጎረቤት ማሳ ላይ ባሕር ዛፍ ካለም ልብ በል፤ ውኃ ይመጥጣል። አፈሩም ቀይ ስለሆነ ለም አይምሰልህ። በዚያ በኩል አሲዳማ ነው፣ ኖራ ካልተጨመረበት ስንዴው ይቀጭጫል።

አደኑን እርሳው። የዱር እንስሳ የመንግሥት ነው፤ ማደን የሚቻለው በፈቃድ፣ ያውም ለአደን በተከለለ ቦታ ነው። መሬት ተከራየህ ማለት ድኩላው ያንተ ሆነ ማለት አይደለም። ደግሞስ ባሁኑ ጊዜ እዚያ ጠመንጃ ይዞ ጫካ መግባት ምን እንደሚያመጣ እኔ ልንገርህ? ገበሬው ስለ አውሬ ቢያወራህ ድንች እየቆፈረ ስለሚያድረው ጃርት ነው። ከርከሮውም አለ።

ሌላ አስተያየት፦ እኔም አንድ ልጨምር። አንዳንዱ «በአጎቴ ልጅ ስም ይሁን» ይላል። አጎት ልጅ ደግ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን እሱ ቢሞት ወራሾቹ ልጆቹ ናቸው፣ አንተን በስልክ ብቻ ነው የሚያውቁህ። ከዘመድ ጋርም ቢሆን የኪራይ ውል ይጻፍ። ብሩንም በባንክ ላክ፣ ደረሰኙን አስቀምጥ። ዘመድ ከተቀየመ በኋላ ምስክር ፍለጋ ቀበሌ ለቀበሌ መዞር የትም አያደርስም።