ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸው ማሽን) ልመለስ ወይስ መድኃኒት ፋብሪካ ልሞክር?

ሰላም፣ እባካችሁ ምከሩኝ። በማሽኒንግ ደረጃ 4 ጨርሼ ሲኦሲም (የሙያ ብቃት ምዘናውን) አልፌያለሁ፤ ግን ሥራ ሲጠፋ ሽያጭ ገባሁና ይኸው ሁለት ዓመት ሞላኝ። ደንበኛ ማግባባት አልሆነልኝም። እኔ ደስ የሚለኝ ድሮዊንጉ ተሰጥቶኝ፣ 20 ሚሊ ሜትር የተባለው ዘንግ በማይክሮሜትር ሲለካ 20.05 ከመጣ እንደገና ቶርኖው ላይ አስሬ ያቺን ትርፍ ማንሳት ነው (ጓደኞቼ ደረቅ ነህ ይሉኛል፣ ይበሉ)። አሁን ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዘውን ማሽን) ልማር ወይስ መድኃኒት ፋብሪካ ልግባ እያልኩ ነው፤ እዚያ እያንዳንዱ ባች (በአንድ ዙር የሚመረተው መድኃኒት) በተጻፈ አሠራር ነው የሚሄደው፣ ማሽን ሲጸዳ እንኳ ተመዝግቦ ይፈረምበታል። ለእኔ ገነት ነው! ግን ጥራት ቁጥጥሩ የኬሚስትሪና የፋርማሲ ሰው ይፈልጋል፤ በእኔ ወረቀት ማሸጊያ መስመሩ ላይ ወይም ጥገና ክፍል የገባ አለ? ፈረቃውስ እንዴት ነው?