«ይሉኝታ እንጂ ሃፍረት የለውም» ሲባል ምን ማለት ነው?

አርታኢ ዘፒያሳ፦
ጤና ይስጥልኝ ቤተኞች። ከውጭ ቋንቋ የተመለሰ የፍልስፍና ድርሰት እያረምሁ ነው፤ ሰው በሰው ፊት ስለሚሸማቀቅበት ነገር ይናገራል። ተርጓሚው አንዱን ቃል እዚህ «ይሉኝታ»፣ እዚያ «ሃፍረት» እያለ ይለዋውጠዋል። ሁለቱ አንድ ናቸው ብዬ እንዳላልፍ፣ አንድ ሽማግሌ በዕርቅ መካከል ስለ ባለጉዳዩ «ይሉኝታ እንጂ ሃፍረት የለውም» ሲሉ ሰምቻለሁ። መስደባቸው ነው ወይስ ማሞገሳቸው? ለድርሰቱስ የትኛው ይሻላል?

ባለግስ፦
አንድ አይደሉም። ቀላሉ መለያ ጊዜው ነው። ይሉኝታ ከሥራው በፊት መጥቶ እጅ ይይዛል፤ ኀፍረት ሥራው ሲታይ ወይም ከተሠራ በኋላ ፊት ያቀላል። «በይሉኝታ ፈረመ» ማለት ሳይፈልግ፣ እንቢ ማለት አቅቶት ፈረመ ነው። «በኀፍረት ፈረመ» ካልሽ ግን አስቀድሞ የተሠራ ጉድ አለ፤ የሚፈርመውም አንገቱን ደፍቶ ነው። ሁለተኛው መለያ፦ ኀፍረት ግስ አለው፤ አፈረ፣ አሳፈረ፣ ተፋፈረ። ይሉኝታ ግስ የለውም። ሰውን ማሳፈር ይቻላል፤ ይሉኝታን ግን በሰው ላይ የሚጭን ግስ ስለሌለ «ይሉኝታ ውስጥ ከተተኝ» እያሉ መዞር ግድ ነው። ሦስተኛ፦ «ያለ ይሉኝታ ንገረኝ» የጨዋ ግብዣ ነው። «ያለ ኀፍረት ንገረኝ» ብለሽ ሞክሪና የሚመጣብሽን ጠብቂ።

ድጓ ቤት፦
ከሁሉ በፊት ፊደሉ ይታረም። ኀፍረት በብዙኃኑ «ኀ» ነው፤ ግሱ ኀፈረ። በሃሌታው ጽፎ ስለ ትርጉም መከራከር መሠረት ሳይጥሉ ጣሪያ ማልበስ ነው።

ተረት አሳዳጅ፦
የኔታ፣ ፊደሏም እኮ አፍራ ነው የተደበቀችው።

ቀለሜዋ፦
እኔ ሁልጊዜ የሚመስለኝ «አፈረ» ከ«ፈራ» የወጣ ነው። አ + ፈራ። ማፈርስ የፍርሃት ዓይነት አይደል?

ባለግስ፦
አይደለም። ፈራ በግእዝ ፈርሀ ነው፤ የወደቀው ፊደል መጨረሻ ላይ ነው። አፈረ ኀፈረ ነው፤ የወደቀው መነሻው ላይ ነው። ፊደላቱ ቦታ አልተለዋወጡም፣ ሥሩም ሌላ ነው። በዚያ ላይ የፈራ አድራጊ «አስፈራ» እንጂ «አፈረ» አይሆንም። እንዲያማ ከሆነ «ታክሲው አሳፈረኝ» የሚለውንም ከኀፍረት ልታወጪው ነው፤ እሱ ከሰፈረ፣ ከተሳፈረ የመጣ ነው።

ተረት አሳዳጅ፦
የሰልፉን ርዝመትና የታሪፉን ነገር ላየ ግን ሁለቱም «አሳፈረ» ይሠራሉ።

ድጓ ቤት፦
ባለግስ በግሱ ትክክል ነህ፤ ልጅቱ ግን በነገሩ ሩቅ አልሄደችም። ዘፍጥረት 2፥25 ላይ አዳምና ሚስቱ «አይተፋፈሩም ነበር» ይላል። ተፋፈረ የሁለት ሰዎች ግስ ነው፤ አንዱ የሌላውን ዐይን ይፈልጋል። 3፥10 ላይ አዳም ለፈጣሪው ሲመልስ ግን «ዕራቁቴንም ስለ ሆንሁ ፈራሁ» አለ። «አፈርሁ» አላለም። ሰው ለሰው ይተፋፈራል፣ ለፈጣሪው ይፈራል። በሁለቱም ቦታ ይሉኝታ የለም፤ ወሬ የሚያወራ ሦስተኛ ሰው ገና አልተወለደማ።

ፍልስፍና በጀበና፦
የቀለሜዋ ነገር ጥንትም ተብሏል። አርስቶትል በኒቆማኮስ ሥነ ምግባር አራተኛ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ማፈርን ክፉ ስም እንዳይወጣብኝ የሚል ፍርሃት አድርጎ ይፈታዋል። ማስረጃው ከአካል ነው፤ ያፈረ ይቀላል፣ ሞት የፈራ ይገረጣል፣ ሁለቱም የአካል ነገር ስለሆኑ ማፈር ከጠባይ ይልቅ ስሜት ነው። ስለዚህም በጎ ምግባር ብሎ አይቆጥረውም። ለወጣት ይፈቅድለታል፣ ከስሕተት ይይዘዋልና፤ ሽማግሌ ግን መጀመሪያውኑ የሚያሳፍር ነገር መሥራት የለበትምና አፋር ነው ተብሎ አይመሰገንም። እዚህ ላይ እኛ እንለያያለን። በእኛ ዘንድ ይሉኝታ ከዕድሜ ጋር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ሽማግሌ «ይሉኝታ ቢስ» ከተባለ ስድቡ ለወጣት ከሚሰነዘረው እጥፍ ነው።

ድጓ ቤት፦
አርስጣጣሊስ በል። ስሙ በግእዝ ሳለ በፈረንጅ አፍ መጥራት ምን ይባላል?

ፍልስፍና በጀበና፦
እሺ የኔታ፣ አርስጣጣሊስ። አሁን ደግሞ ከአፍላጦን (ከፕሌቶ) አንድ መፈተኛ ላምጣ። «ፖለቴያ» ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ ግላውኮን የሚያወራው የቀለበት ታሪክ አለ። የልድያ ንጉሥ እረኛ ቀለበት አገኘ፤ ፈርጡን ወደ መዳፉ ሲያዞረው አይታይም፣ ወደ ውጭ ሲመልሰው ይታያል። ግላውኮን ይህ ቀለበት ቢኖረው ጻድቁም እንደ ኃጥኡ ይሠራል ባይ ነው። መፈተኛው እንዲህ ነው፦ ቀለበቱን ለሰውየው አድርጉለትና ምን እንደሚቀርለት እዩ። ይሉኝታ ወዲያው ይጠፋል፤ የሚያይ ከሌለ የሚል የለምና። ኀፍረት ግን ከፊሉ ይቀራል፤ ሰው ብቻውን ሆኖ «አፈርሁ በራሴ» ይላልና። «በራሴ ይሉኝታ ያዘኝ» የሚል አማርኛ ግን የለም።

ቀለሜዋ፦
የጊጌስ ቀለበት የሚባለው ነው?

ፍልስፍና በጀበና፦
እሱ ነው። ጽሑፉ ላይ እረኛው የጊጌስ ቅድመ አያት ነው፤ ስሙ ለልጅ ልጁ ተርፎ ነው።

አርታኢ ዘፒያሳ፦
እናንተ፣ ድርሰቱ ላይ ያለው ምሳሌ በቁልፍ ቀዳዳ አጮልቆ የሚያይ ሰው ነው። ኮሪደር ላይ ኮቴ ሲሰማ ድርቅ ይላል። ይኼ የትኛው ነው?

ፍልስፍና በጀበና፦
ሳርትር ነዋ፣ ፈረንሳዊው ፈላስፋ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር የ1943ቱ መጽሐፉ። እሱ ላይ «ኀፍረት» ጻፊ፤ ሰውየው የተያዘው ሥራው መካከል ነው፣ ኮቴው ከንቱ ሆኖ ማንም ባይመጣ እንኳ። በጀርመናዊው ፈላስፋ በሃይደገር የ1927 (በፈረንጆች) መጽሐፍ ውስጥ ያለውን፣ ስም የለሽ የሆነውን «ሰዎቹ»ን ካገኘሽ ግን ያኔ «ይሉኝታ» ቤቱ ነው። ጀርመንኛው ባለቤቱን ሳይጠራ እንዲህ ይባላል፣ እንዲህ ይደረጋል የሚልበት ቃል አለው። የእኛ «ይሉ» ላይ የተንጠለጠለው «ሰዎች» ያው ነው፤ ማን እንደሆኑ ብትጠይቂ አንድ ስም አይወጣም።

ባለግስ፦
እዚህ ላይ ልግባ፤ ዋናው ነገር ያለው ግንባታው ላይ ነው። «ይሉኝ» ግእዙ «ይብሉኒ» ነው፤ ኒ ወደ ኝ ተለውጧል፣ ብ ወድቋል። ሥሩ ብህለ («አለ»፣ ተናገረ) ነው፤ «ብሂል»ም «ባህል»ም ከዚያው ናቸው። አንድ አገር ባህሉም ወሬውም ከአንድ ግስ መውጣቱን ልብ በሉ። ከዚያ «ታ» ተቀጠለበት። «ታ» በምን ላይ እንደሚቀመጥ ደርድሩ፦ ዝም አለ፣ ዝምታ። ትዝ አለ፣ ትዝታ። ደስ አለ፣ ደስታ። ይቅር አለ፣ ይቅርታ። ይሁን አለ፣ ይሁንታ። እሺ አለ፣ እሺታ። እንቢ አለ፣ እንቢታ። ሁሉም ከ«አለ» ጋር የሚሄዱ ናቸው። ስለዚህ ይሉኝታ «ይሉኝ አለ» ነው፤ ሙሉው «ምን ይሉኝ ይሆን አለ»። ቃሉ ውስጥ ሁለት «አለ» አለ። አንደኛው የሰዎቹ ነው፣ ሁለተኛው የባለቤቱ። ይሉኝታ ማለት ሰዎች ያሉት ነገር አይደለም፤ ይሉኛል ብሎ ሰው ለራሱ የነገረው ነው።

ድጓ ቤት፦
መዝሙር 41 ላይ «እንዘ ይብሉኒ» ያለው ግን ያሉትን በጆሮው የሰማ ነው። አምላክህ ወዴት ነው ይሉት ነበር፣ በየቀኑ።

ባለግስ፦
ለዚህ እኮ ነው የዳዊት ይሉኝታ ያልሆነው የኔታ። የእሱ ስድብ ነው። ይሉኝታ ሰውየው ያልሰማው ንግግር ነው።

ወለፈንዴ፦
«ታ» ከ«አለ» ጋር ነው ማለት አያስኬድም። ሁኔታ፣ ስጦታ፣ ችሎታ፣ ይዞታ ምን ሊባሉ ነው? ሁኔ አለ? ይዞ አለ?

ባለግስ፦
እነሱ ሌላ ቤት ናቸው። «ኦታ» (በሁኔታ ላይ «ኤታ») ከነአናባቢው በግስ ሥር ላይ የሚገባ ነው፤ ስጥ-ኦታ፣ ችል-ኦታ፣ ይዝ-ኦታ። ይዞታ ውስጥ «ይዞ» የሚታይህ በአጋጣሚ ነው። ዝምታ፣ ይቅርታና ይሉኝታ ላይ ግን ቃሉ ከአፍ እንደወጣ ምንም ሳይነካ ተቀምጧል። ለዚህ ነው ያ «ኝ» የማይንቀሳቀሰው። «የእሱ ይሉኝታ»፣ «የእሷ ይሉኝታ» እንላለን፤ ውስጡ ሁልጊዜ «እኔን» ነው። ይሉትታ፣ ይሉሽታ የለም።

ተረት አሳዳጅ፦
ይሉሽታ ቢኖር ኖሮ ሐሜተኛ ጎረቤት ነበር የሚይዘው።

ወለፈንዴ፦
እንግዲያው ይኼን መልስልኝ፦ «ይሉሽን በሰማሽ ገበያ ባልወጣሽ»። እዚህ «ይሉሽን» ማለት «የሚሉሽን» ነው፤ የድሮው አማርኛ «የም» ሳይጨምር ነገሩን ስም ያደርገዋል። ይሉኝታም «የሚሉኝ ነገር» ነው፣ «ታ» ስም ማጽኛ። ሁለት «አለ» መፈልሰፍ አያስፈልግም። ተረቱ ደግሞ የሰዎቹን ንግግር እውነት ያደርገዋል፤ ይላሉ፣ አንቺ አትሰሚም።

ባለግስ፦
ተረቱ ለእኔ ይመሰክራል። የተረቱ ሴት ስላልሰማች ነው ገበያ የምትወጣው። ባለ ይሉኝታ ግን ማንም ሳይል ሰምቶ ቤቱ ይቀራል። አንደኛው የተባለ ያልተሰማ፣ ሁለተኛው የተሰማ ያልተባለ ነው። አንድ ቅርጽ ነው ብለህ አንድ ትርጉም አትስጣቸው።

ወለፈንዴ፦
ትርጉም ነው ያወራኸው፣ እኔ የጠየቅሁት ቅርጽ ነው።

ከውል ክፍል፦
ከሰዋስው ትንሽ እንውጣ። ባለግስ «በይሉኝታ ፈረመ» ብሏል። በ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ፈቃድን የሚያበላሹት ስሕተት፣ ተንኮልና መገደድ ናቸው፤ ይሉኝታ የለም። የሚቀርበው ቁጥር 1709 ነው፤ ለወላጅ ወይም ለበላይ በሚደረግ አክብሮት የሚመጣ ፍርሃት ብቻውን ውል አያፈርስም ይላል። የሚያፈርሰው ውሉ ከዚያው ከተፈራው ሰው ጋር ተደርጎ፣ እሱም ከልክ ያለፈ ጥቅም ካገኘበት ነው። በእኩያ ፊት የሚመጣው የዕቁብ ጸሐፊ ይሉኝታ፣ የባልንጀራ ይሉኝታ እዚያ አይገባም። በተግባር የሚጎዳው ዋስትና ላይ ነው። ቁጥር 1922 ዋስትና በግልጽ ይሁን፣ ከፍተኛው የገንዘብ ልክም ውሉ ውስጥ ይጻፍ፣ ካልተጻፈ አይጸናም ይላል። ለባልንጀራ ዋስ የሚሆን ሰው ግን «መጠኑን አስገባ» ማለት ራሱ ይሉኝታ ይይዘውና ቦታውን ባዶ ትቶ ይፈርማል። በኋላ ቁጥሩን የሚሞላው ሌላ ነው። ምልክቱ ይህ ነው፦ ሰውየው ወረቀቱን ሳያነብ ፈጥኖ ከፈረመ ይሉኝታ ነው፤ ማንበብ ራሱ አለማመን ይመስልብኛል ብሎ ነው።

ቀለሜዋ፦
ሥነ ጽሑፍ ላይስ? የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ፊታውራሪ መሸሻ ሰብለ ወንጌልን ለማንም አልሰጥም ብለው ዕድሜዋን ያሳለፉት በይሉኝታ አይደለም? ሰው ምን ይለኛል፣ ከዘሬ በታች ዳረ ይሉኛል ብለው?

ፍልስፍና በጀበና፦
ያ የአጥንት ኩራት ነው። ይሉኝታ የሚኖረው ሰውየው በልቡ አንድ ነገር ፈልጎ በአፉ ሌላ ሲያደርግ ነው፣ መሃል ላይ ሲቀደድ። ፊታውራሪ የሚሉትና የሚፈልጉት አንድ ነው። ለእንግድነት ሄዶ እንጀራው እያማረው ሁለተኛ ሲቀርብለት «በቃኝ» የሚለው ሰው ነው ባለ ይሉኝታ።

ድጓ ቤት፦
ሁለቱም አይደለም። ትዕቢት ነው፤ ስሙ በመጻሕፍት የታወቀ ነው። እኛ ትዕቢትን ክብር፣ ክብርን ይሉኝታ እያልን አንድ ደረጃ በአንድ ደረጃ ስናለዝበው ነው ችግሩ።

አርታኢ ዘፒያሳ፦
ይኸውና ሽማግሌው ስለ ባለጉዳዩ የተናገሩትን ከመካከላችሁ ማንም አልነካውም።

ባለግስ፦
ስድብ ነው፣ በጨዋ ቋንቋ። «እንጂ» ላይ ተመልከቺ፤ አንዱን አጽድቆ ሌላውን ይነሣል። ሰው ሲያየው ይጠነቀቃል፣ ቀለበቱ ቢሰጠው ግን አይመለስም ማለታቸው ነው።

ወለፈንዴ፦
በዕርቅ መካከል? ሽማግሌ ሁለቱንም ለማስማማት ተቀምጦ አንዱን እንዲህ አይሰድብም። የእኔ ንባብ ተቃራኒ ነው፦ የሚያፍርበት ሥራ የለውም፣ ዝም ያለው ይሉኝታ ይዞት ነው። «ኀፍረት የለውም» ሁለት አፍ አለው። «ልብ የለውም» ስድብ ነው፣ «ዕዳ የለውም» ግን ምስጋና ነው። ኀፍረት ጠባይ ከሆነ የመጀመሪያው፣ የተሠራ ነውር ከሆነ ሁለተኛው።

ባለግስ፦
ለሁለተኛው «የሚያፍርበት የለውም» ይባላል። «ኀፍረት የለውም»ን ያለ ስድብ የሚጠቀም ሰው አምጣልኝ።

ወለፈንዴ፦
ሽማግሌው!

ተረት አሳዳጅ፦
እኔን ያልገባኝ ሌላ ነው። የይሉኝታ ተቃራኒ «ማንአለብኝነት» ነው፤ እሱም «ኝ» አለው፣ እሱም የሰውየው ንግግር ነው፣ ውስጡም «አለ» ተቀምጧል። ለምን «ማንአለብኝታ» አልሆነም?

ባለግስ፦
ያኛው «አለ» የመኖር ነው፣ በግእዙ ሀሎ። የመናገር አይደለም።

ወለፈንዴ፦
«ታ» የሚያየው ውጭ ያለውን «አለ» ነው ብለህ አልነበር? «ማን አለብኝ አለ» አይባልም?

ድጓ ቤት፦
ሀሎን ከብህለ ጋር የሚያምታታ ሰው እዚህ ሲገባ ከርሟል። ወለፈንዴ፣ ይቤን («አለ» የሚለውን የግእዝ ግስ) በአሥሩ መራሕያን፣ በተውላጠ ስሞቹ፣ አርባልኝና እንቀጥላለን።

ወለፈንዴ፦
እቤ፣ ትቤ፣ ትቤሊ፣ ይቤ። የኔታ፣ እርባታው ጥያቄውን አይመልሰውም እኮ።