ኤል ኤም ኤ ሲገባ ሁለት ታካሚ አሳለ፤ ሦስተኛው ሊገባ ነው

ጠያቂ፦ እባካችሁ ቶሎ! ዛሬ ጠዋት ሁለት ታካሚዎች ኤል ኤም ኤው (ጉሮሮ ውስጥ የሚቀመጠው የመተንፈሻ ማስክ) ገና ምላስ ሲያልፍ ሳል ጀመራቸው። አንደኛው ነክሶ ይዞት ሳቹሬሽኑ (የደሙ ኦክስጅን) 84 በመቶ ደረሰ። ለሁለቱም ከሕመም ማስታገሻው ፌንታኒል 50 ማይክሮግራም፣ ከማደንዘዣው ፕሮፖፎል 120 ሚሊግራም ነው የሰጠሁት። ቀጣዩ 60 ኪሎ ነው፣ የእጅ ስብራት፤ ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። ምኑን ልቀይር?

ሰመመን27፦ ፕሮፖፎሉ አንሷል። በኪሎ 2.5 ሚሊግራም አድርጊው።

የጎንደሩ፦ ቆይ፣ ኤል ኤም ኤው ለምን? ሕመምና ጭንቀት ጨጓራ ምግብ ማሳለፉን ያዘገያል። በልቶ ብዙም ሳይቆይ የተሰበረ ሰው የጾም ሰዓቱ ብቻ አያስተማምንም። የመተንፈሻ ቱቦ አስገቢለት፤ ወይም አክሲላሪ ብሎክ (በብብት በኩል እጁን ብቻ ማደንዘዝ)።

ጠያቂ፦ ከተሰበረ አምስት ቀኑ ነው፤ ከማታ ጀምሮ አልበላም። ብሎክ አልፈልግም ብሏል።

መምህር፦ መሠረቱን እንያዝ። ፕሮፖፎል የጉሮሮን ሪፍሌክስ ከሌላው ማደንዘዣ ከታዮፔንታል በተሻለ ያደነዝዛል፤ ለማስክ የተመረጠውም ለዚህ ነው። እንደ ፌንታኒል ያለ ኦፒዮይድ ሲታከልበት ማስኩ ሲነካ የሚመጣው ሳልና መንፈራገጥ ይቀንሳል፤ የፕሮፖፎሉም መጠን ያንሳል። ዋጋው ግን አለ፦ አፕኒያው (የትንፋሽ መቆሙ) ይረዝማል፣ የደም ግፊቱም ይወርዳል። ሌላው ማደንዘዣ ኬታሚን በኪሎ 0.5 ሚሊግራም ቢታከል ግፊቱን ይደግፋል፤ ምራቅ ግን ያበዛል።

ማስክ4፦ እህቴ፣ ፌንታኒሉ ከገባ ስንት ደቂቃ ቆይተሽ ነው ማስኩን ያስገባሽው?

ጠያቂ፦ ተከታትለው ነው የገቡት። ሽፋሽፍቱን ስነካው ዝም ሲል አስገባሁ። አንድ ደቂቃ አይሞላም።

ማስክ4፦ ችግሩ እሱ ነው። ፌንታኒል እንደ ቡና ነው፤ ሳይፈላ አይቀዳም! ሙሉ ኃይሉ የሚደርሰው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ነው። አንቺ ያስገባሽው በፕሮፖፎል ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ እሱም ገና ሳይደርስ።

ለ60 ኪሎው ፌንታኒል 60 ማይክሮግራም፣ ማለትም 1.2 ሲሲ፣ ቀስ አድርገሽ ስጪ፤ በፍጥነት ከተገፋ ራሱ ያስላል። ኦክስጅኑን እየሰጠሽ 3 ደቂቃ ጠብቂ። ከዚያ ፕሮፖፎል ከ13 እስከ 15 ሲሲ በ30 ሰከንድ። ከጨረስሽ በኋላ ሌላ 60 ሰከንድ። ሽፋሽፍቱን እርሺው፤ መንጋጋውን በሁለት እጅ ወደፊት ግፊ። ካልተንቀሳቀሰና መንጋጋው ከላላ አስገቢ። ከተንቀሳቀሰ 3 ሲሲ ጨምረሽ ደግመሽ ፈትሺ። አፕኒያ ቢመጣ በፊት ላይ ማስክ ቀስ ብለሽ አናፍሺለት፤ ስትጨነቂ ቸኩለሽ አታስገቢ።

ሰመመን27፦ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው፣ ፕሮፖፎል 2.5።

ማስክ4፦ አይደለም ወንድሜ። ሰዓቱ ካልተስተካከለ 2.5ቱም ግፊት ከማውረድ አያልፍም።

ሲስተር_ኦአር፦ የማስኩን ጀርባ ብቻ ጄል ቀቢ፤ ከፊት ከሆነ ጄሉ ማንቁርት ላይ ተንጠባጥቦ ያስላል። ማስኩ ቁጥር 4 ከሆነ የሚነፋበት 30 ሲሲ አየር ጣሪያው እንጂ ግዴታ አይደለም፤ አየር ማፍሰስ ካቆመ ይበቃል። ቢያስል ማስኩን አትታገዪው። መቶ በመቶ ኦክስጅን በግፊት ያዥለት፤ ፕሮፖፎል 3 ሲሲ። ላሪንጎስፓዝሙ (የማንቁርቱ መኮማተር) ካልለቀቀ ጡንቻ ማላያው ሱክስ። ሱክሱና አትሮፒኑ (የልብ ምት ሲዘገይ የሚሰጠው) አሁኑኑ ተቀድተው ስማቸው ይጻፍባቸው።

የጎንደሩ፦ ከእሱ ቀጥሎ ሽማግሌ ካለሽ ይህን መጠን እንዳትደግሚው። ፌንታኒሉን በግማሽ፣ ፕሮፖፎሉን በኪሎ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊግራም፤ ጥበቃውንም አርዝሚው፣ ደማቸው ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው።

ጠያቂ፦ ታካሚው ጠረጴዛ ላይ ወጣ። ፌንታኒሉን ሰጠሁ፣ ሰዓቱን ይዣለሁ።

ማስክ4፦ በርቺ። መንጋጋውን እንዳትረሺ።

መምህር፦ እንዴት ሆነ?