ነርሲንግ ለምታመለክቱ፦ የቱ ላይ ይከፈላል፣ የቱ ይቅር? (ጥቆማ)

"ነርሲንግ ላመልክት ነው፤ ምን ልግዛ?" የሚል ጥያቄ ሰሞኑን በዛ። መልሴ አጭር ነው፤ ለጊዜው ምንም አትግዙ። መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ የሚጠይቀውን ዝርዝር ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። ለመግቢያ ፈተና አንዱ ቲስ ይላል፣ ሌላው ሄሲ ይላል። የቲስ መጽሐፍ ገዝቶ ሲያበቃ ትምህርት ቤቱ የሚቀበለው ሄሲ ሆኖ የተገኘበት ሰው ብዙ ነው። የምጽፈው ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላለነው ነው።

ትምህርት ቤት ላይ እኔን ከጠየቃችሁኝ ኮሚኒቲ ኮሌጅ እላለሁ። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ነርሲንጉ ያለው ታኮማ ፓርክ/ሲልቨር ስፕሪንግ ካምፓስ ነው። ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ) ስፕሪንግፊልድ ባለው የሕክምና ካምፓሱ ያስተምራል። ለፒጂ (ሜሪላንድ ያለው የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ) ሰዎች ላርጎ ያለው ፕሪንስ ጆርጅስ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ይቀርባል። በአሶሺዬት ዲግሪ የተመረቀውም በባችለር የተመረቀውም የሚፈተኑት ያንኑ ኤንክሌክስ የሚባለውን የነርስ ፈቃድ ፈተና ነው። ባችለሩን ሥራ ይዛችሁ ትጨርሱታላችሁ፤ ብዙ ሆስፒታሎች ለሠራተኛቸው የትምህርት ክፍያ ያግዛሉ። "ሁለት ዓመት ነው" ሲሏችሁ ግን አናቶሚውን፣ ፊዚዮሎጂውን፣ ማይክሮባዮሎጂውን ሳይቆጥሩ ነው። እሱን አስቀድማችሁ አስቡበት።

"ወረፋ የለም፣ ፈተና የለም፣ ነገ ጀምሩ" የሚል ትምህርት ቤት ሲያጋጥማችሁ ቆም በሉ። የነርሲንግ ትምህርት ቤቶችን የሚመዝኑት የኤ.ሲ.ኢ.ኤን ወይም የሲ.ሲ.ኤን.ኢ እውቅና አለው? ተማሪዎቹ ኤንክሌክስን በስንት ፐርሰንት ያልፋሉ? ይሄን ከማስታወቂያው ሳይሆን ከስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ ድረ ገጽ ነው የምታዩት። በጃንዋሪ 2023 የፌዴራል መንግሥት 25 ሰዎችን የከሰሰው ፍሎሪዳ ውስጥ ከነበሩ ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ ሐሰተኛ የነርሲንግ ዲፕሎማ ተሽጧል ብሎ ነው። አቋራጭ ፈልጎ የገዛ ሰው ገንዘቡም ስሙም ነው የሚሄደው።

አገር ቤት ዲግሪ ላላችሁ፣ ትራንስክሪፕት የሚገመግሙት የታወቁት ደብሊው.ኢ.ኤስ እና ኢ.ሲ.ኢ ናቸው። "የቱ ይሻላል?" ብሎ መከራከር ትርፉ ድካም ነው፤ ትምህርት ቤታችሁ የሚቀበለው ይሻላል። ዋናው "ኮርስ ባይ ኮርስ" የሚባለውን መምረጥ ነው። ርካሹ ዲግሪያችሁን ብቻ ነው የሚናገረው፣ እያንዳንዱን ኮርስ ከነግሬዱ አይዘረዝርም። ለነርሲንግ ማመልከቻ ብዙም አይረባችሁም።

ከሁሉ የሚያለፋው ግን የአገር ቤቱ ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ነው። እጃችሁ ላይ ያለው ስቱደንት ኮፒ አይበቃም፤ ኦፊሻሉ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ መላክ አለበት። ኮስት ሼሪንግ ያልጨረሰ ሰው እዚያው ይቆማል። በስልክ የሚያልቅ ነገርም አይደለም። እህት ወይ ወንድም ውክልና ይዞ ይሄዳል፣ ይሰለፋል፣ "ሲስተም የለም፣ ሰኞ ተመለስ" ይባላል፣ ሰኞ ደግሞ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው። ስለዚህ የማመልከቻው ቀን ሳይደርስ ወራት ቀድማችሁ ጀምሩ። ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለሳይንስ ኮርሶች የጊዜ ገደብ ስላላቸው የድሮ ባዮሎጂያችሁ ከነጭራሹ ላይያዝላችሁ ይችላል። ለግምገማ ከመክፈላችሁ በፊት አድቫይዘሩን በኢሜይል ጠይቁ። መልሱ በጽሑፍ ይሁን፤ በስልክ ያሉትን ኋላ የሚያስታውስ የለም።

ለቲስ ዝግጅት ከሚሸጠው ሁሉ እኔ የምመርጠው ፈተናውን የሚያወጣው ኤ.ቲ.አይ ራሱ የሚሸጠውን የኦንላይን መለማመጃ ነው። የጥያቄው አጠያየቅ ለትክክለኛው ይቀርባል። የሞሜትሪክስ መጽሐፍ ወፍራም ነው፤ ጊዜ ላለው ጥሩ፣ ለተጣደፈ ሸክም። ለሳይንሱ ገንዘብ አታውጡ። ትልቁን ድርሻ የሚይዘው አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ነው፤ የኦፕንስታክስ መጽሐፍ በነፃ ይወርዳል፣ ካን አካዳሚም አለ። ሒሳቡ አገር ቤት ያለ ካልኩሌተር ለተማረ ሰው አያስፈራም፣ እዚህ ደግሞ ካልኩሌተር ይሰጣችኋል። የሚጥለን ሰዓቱ ነው። 170 ጥያቄ በ209 ደቂቃ ነው፤ ሰዓት ሳይዙ መለማመድ ራስን መሸንገል ነው።

ሲ.ኤን.ኤ (የነርስ ረዳት ሥልጠና) ልውሰድ ወይስ አልውሰድ ለምትሉ፣ ውሰዱ። የፌዴራሉ ሕግ የሚጠይቀው ትንሹ 75 ሰዓት ነው፣ የእኛዎቹ ስቴቶች ግን ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ፤ አንዳንድ ትምህርት ቤትም ለመግቢያ ነጥብ ይሰጥበታል። ሜሪላንድ ውስጥ ነርሲንግ ሆም መሥራት ከፈለጋችሁ የትኛው ማረጋገጫ እንደሚያስፈልግ ከስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ አጣሩ።

አሁን አመልክታችሁ የምትጠብቁ። ኢሜይሉን በየሰዓቱ ማየት ተዉና (ስፓሙን ግን እዩ፤ መልሱ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በኮሌጁ ኢሜይል ነው) ክትባታችሁን አስተካክሉ። የክትባት ካርድ ከአገር ቤት ይዞ የመጣ ስንት ነው? ለኩፍኝና ለሄፓታይተስ ቢ ታይተር የሚባለውን፣ መከላከያው በደማችሁ መኖሩን የሚያሳየውን የደም ምርመራ አድርጉ። ሄፓታይተስ ቢ ከጎደላችሁ የተለመደው ሦስት ዶዝ ስድስት ወር ይፈጃል፤ ሄፕሊሳቭ የሚባለው በአንድ ወር ልዩነት ሁለት ዶዝ ነው። ስማቸው ሲጠራ ገና መጀመሪያው ዶዝ ላይ የሚገኙ አሉና ዛሬውኑ ጀምሩ።

ቲቢ ላይ ደግሞ አደራ። እኛ ልጅ ሆነን ቢ.ሲ.ጂ የሚባለውን የቲቢ ክትባት ተከትበናል፣ ጠባሳው ክንዳችን ላይ አለ። ክንድ ላይ ተወግቶ እብጠቱ በማስመሪያ የሚለካው የቆዳ ምርመራ በዚያ ክትባት ምክንያት ቲቢ ሳይኖር ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። ከዚያ ወደ ኤክስሬይ፣ ወደ ሌላ ቀጠሮ። ኳንቲፌሮን የሚባለውን የደም ምርመራ ጠይቁ፤ ቢ.ሲ.ጂ አያሳስተውም። ትምህርት ቤቱ ይቀበለው እንደሆነ ብቻ አረጋግጡ።

ቢ.ኤል.ኤስ ካርድ (ልቡ የቆመን ሰው የመርዳት ሥልጠና ማረጋገጫ) ላይ ግን አትቸኩሉ። የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ነው፤ ተቀበልናችሁ ሲሉ ብትወስዱት ይበቃል። ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚፈልጉት የአሜሪካን ሃርት አሶሲዬሽኑን ቢ.ኤል.ኤስ ነው። ሃርትሴቨር የሚለው ለሕክምና ሰው የተዘጋጀ አይደለም፣ ሙሉ በሙሉ ኦንላይን የሚሸጠውንም እለፉት፤ አሻንጉሊቱ ላይ ደረት ስትጫኑ የሚያይ ሰው መኖር አለበት።