አሚኮ የኢቲቪ ቅርንጫፍ ነው ወይስ ራሱን የቻለ ጣቢያ?

የሽምብጧ

ሰላም የባሕር ዳር ሰዎች። ስለ አሚኮ፣ ስለ አማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን፣ አንድ ክርክር ፍቱልን። ወንድሜ ዋሽንግተን አካባቢ ነው የሚኖረው። እዚያ ቻናል 9 የሚባል የከተማው ጣቢያ አለ። የራሱን ዜናና የአየር ትንበያ ያቀርባል፤ ማታ ማታ ደግሞ ሲቢኤስ የሚባለውን የአገር አቀፍ ኔትወርክ ፕሮግራም ያሳያል። «አሚኮም እንደዚያው ነው፣ የኢቲቪ የክልል እጅ ነው» ብሎ ድርቅ አለብኝ። እኔ አይደለም ባይ ነኝ። ግን ልጅ ሆኜ «አማራ ቴሌቪዥን» እዚያው ኢቲቪ ላይ ሰዓቱን ጠብቆ ሲመጣ ትዝ ይለኛል። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ልረታው አልቻልኩም። የድሮውን የሚያውቅ ካለ እስቲ ይንገረን።

ጋዜጠኝነት 3ኛ ዓመት

በሕግ ከሄድን አንቺ ልክ ነሽ። አሚኮ የኢቲቪ አይደለም። የክልሉ ነው፣ ተጠሪነቱም ለክልሉ ምክር ቤት ነው። በጀቱም ከዚያው ነው።

ነገሩ የጀመረው ደግሞ በቴሌቪዥን አይደለም። መጀመሪያ በኵር ጋዜጣ መጣ፣ 1987 ዓ.ም.። ቀጥሎ ሬዲዮ። ቴሌቪዥኑ የመጨረሻው ልጅ ነው። ስሙም ብዙ ጊዜ አብመድ ነበር፣ የአማራ ብዙኃን መገናኛ ድርጅት። አሚኮ የተባለው በ2013 ነው። እናቴ እስካሁን አብመድ ነው የምትለው።

ኢቲቪ ከ1957 ጀምሮ ያለ ነው። ስለዚህ ክልሎች ቴሌቪዥን ሲጀምሩ ማሰራጫው ቀድሞ ተተክሎ ነበር። በዚያ ላይ የአየር ሰዓት ወስዶ መሥራት የሚያስገርም አይደለም።

ባለ ዲሹ

ልጅቷ የሕጉን ነግራሻለች። እኔ የጣራውን ልንገርሽ። ባሕር ዳር ውስጥ ያልወጣሁበት ሰፈር የለም፤ በፊት ለአንቴና፣ በኋላ ለዲሽ።

ወንድምሽ አንድ ነገር ስቷል። ማማው የማን ነው? አሜሪካ ማማውም ፈቃዱም የከተማው ጣቢያ ነው። መንግሥታቸው የስርጭት ፈቃድ የሚሰጠው ለየጣቢያው እንጂ ለኔትወርኩ አይደለም። ኔትወርኩ ፕሮግራም ያቀብላል፣ ጣቢያው ያሰራጫል። እኛ ጋ ግልብጡ ነበር። ማማው የኢቲቪ፣ ፕሮግራሙ የክልሉ። ልጆቹ እዚህ ቀርፀው ያዘጋጁትን በተሰጣቸው ሰዓት ኢቲቪ ያሳይላቸዋል። ሰዓቱ ሲያልቅ ወደ ዋናው ስርጭት ይመለሳል። ስለዚህ «የኢቲቪ እጅ» ማለቱ ለድሮው እንኳ አያስኬድም። እንግዳ ነበር ቢል ይሻላል።

ያኔ አንቴና ነው። አንዱ ጣራ ላይ ቧንቧውን ያዞራል፣ አንዱ መስኮት ላይ ቆሞ «መጣ! ሄደ! መልሰው!» ይላል። ከጣና የሚነሳው ነፋስ ትንሽ ጠንከር ካለ ማግስቱን እንደገና ጥሪ ነው። እና ኢቲቪ ከጠፋ አማራ ቴሌቪዥንም አብሮ ጠፋ ማለት ነው። ሌላ መንገድ አልነበረውም።

ሳተላይት ይህን ቀየረው። ክልሉ የራሱ ቻናል ያዘ፣ ሰዓት መለመን ቀረ። ሰው የማያስተውለው ግን ይኼ ነው፦ ሳተላይቱ ጣቢያውን ከኢቲቪ ነጻ አወጣው፣ ከከተማው ደግሞ አራቀው። 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ዕቃ ባሕር ዳርን ለይቶ አያውቅም። ዘጌ ያለውና ሞያሌ ያለው አንዱን ምስል ነው የሚያዩት። እንግዲህ አንባቢዋ ተነስታ «ሽምብጥ ነገ ውኃ ይቋረጣል» ብትል ለሞያሌ ሰው ምኑ ነው? ቻናል 9 ግን የሚያወራው ለዋሽንግተንና ለዙሪያዋ ነው። መንገድ ሲዘጋ ይነግራቸዋል።

ያንን ሥራ እኛ ጋ የሚሠራው ኤፍ ኤም ባሕር ዳር ነው፣ 96.9። እሱም የአሚኮ ነው። ወንድምሽ የከተማ ጣቢያ ካለኝ እኔ የምቆጥርለት እሱን ነው። ቴሌቪዥኑ የክልልም የአገርም ሆኗል፤ ከፋም በጀም የከተማ አይደለም።

አሁን ወደ ራሴ ሥራ ልምጣ። 2012ን የሚረሳ ዲሽ ሠሪ የለም። ቻናሎቻችን ከናይልሳት ወጥተው ኢትዮሳት የገቡበት ጊዜ ነው። ናይልሳት ወደ ፀሐይ መጥለቂያ ነው፣ ዝቅ ብሎ። አዲሱ ሳተላይት፣ ኤንኤስኤስ 12 የሚሉት፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ከባሕር ዳር ሆነሽ ፊትሽን ወደ ጢስ ዓባይ አዙሪ። ፏፏቴው ባለበት አቅጣጫ ማለት ነው። ከዚያ ቀና በይ፣ ከግማሽ ሰማይ በላይ። እዚያ ነው ያለው። ለአዲስ ተማሪዎቼም እንዲህ ነው የማሳያቸው፣ ኮምፓስ አላወጣም።

ሁለቱ ሳተላይቶች በጣም ስለሚራራቁ አንድ ዲሽ ላይ ሁለት ኤልኤንቢ፣ ማለትም ዲሹ ፊት የምትታሰረውን ሲግናል ተቀባይ፣ ማሰር አይሠራም። ናይልሳት ላይ የቀረውን ኤምቢሲ የለመደ ልጅና የአሚኮ ዜና የሚጠብቅ አባት ያሉበት ቤት ሁለት ዲሽ ግድ ሆነበት። አንዳንዱ አባት «አንዱ ይበቃል» ብሎ ወሰነ። ዲሹ ሲዞር ቤቱ ውስጥ የነበረውን ኩርፊያ እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ በጎ ነገር ግን ነበረው። በፊት ማንጎ ዛፉ ከልሎን አላሳይ ያለው ግቢ ሁሉ፣ ዲሹ ቀና ሲል ዛፉን አልፎ ማየት ጀመረ።

ከሰቆጣ

ጋሼ ጥሩ ብለዋል፣ ግን «ከተማ» ላይ ብቻ ባይቆሙ። እኔ የዋግ ሰው ነኝ፣ ባሕር ዳር ለሥራ መጥቼ ነው። ለእኛ ጣቢያው ሩቅ መድረሱ ነው ጥቅሙ። አሚኮ ኅብር ላይ በኽምጣና ይሠራሉ። በአዊኛም በኦሮምኛም አለ። አያቴ አማርኛ ዜና ሲመጣ ወሬዋን ትቀጥላለች፤ ኽምጣናው ሲመጣ ዝም በሉ ትላለች። ኤፍ ኤም 96.9 ሰቆጣ አይደርስም። ሳተላይቱ ግን ይደርሳል።

ባለ ዲሹ

ይኼስ እውነት ነው። እኔ ከጣና ዳር ሆኜ አየሁት እንጂ ከዋግ ሆኜ አላየሁትም። ለአያትህ ሰላምታ አድርስልኝ።

የሽምብጧ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ለወንድሜ እንዳለ ልኬለታለሁ፣ «ማማው የማን ነው» የምትለዋን አስምሬባት። እስካሁን መልስ የለም።

ካገኘሁዎት አይቀር አንዲት ጥያቄ ልጨምር። መስቀል ሰሞን ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ዝናብ የለ ምን የለ፣ ረፋድ ላይ ምስሉ ይቆራረጥና ይጠፋል። ትንሽ ቆይቶ ራሱ ይመጣል። ሪሲቨሩ ይሆን የተበላሸው?

ባለ ዲሹ

ሪሲቨሩን አትንኪው ልጄ። ፀሐይ ናት። በዚያ ሰሞን ረፋድ 5 ሰዓት ገደማ ፀሐይ በትክክል ከሳተላይቱ ኋላ ታልፋለች። ዲሹ ሳተላይቱን ሲያይ ፀሐይንም አብሮ ያያል፤ የእሷ ጨረር የሳተላይቱን ደካማ ሲግናል ይውጠዋል። በቀን ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ለጥቂት ቀናት። በመጋቢት መጀመሪያም ይደገማል። በዚያ ሰሞን «ዲሼን አስተካክልልኝ» ብሎ የሚደውል ብዙ ነው። «ቡና ጠጥተው ይመለሱ» እላቸዋለሁ። ሄዶ ገንዘብ የሚቀበል ባለሙያም አይጠፋም፤ እንዳትሸወጂ።

የክረምቱ ሌላ ነው። ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል መጥፋቱ ያለ ነው፣ ዳመናው ሲያልፍ ይመለሳል። ዝናቡ አባርቶም ካልመጣ ግን ኬብሉ ኤልኤንቢው ላይ የሚታሰርበት ጫፍ ውኃ ገብቶበት ይሆናል። መጀመሪያ ሪሲቨሩን ከሶኬት ንቀይ። ከዚያ ጫፉን ፈትተሽ በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው፣ መዳቡ አረንጓዴ ከሆነ ትንሽ ቆርጠሽ እንደገና አውጪው። ስታስሪው በፕላስተር ጠቅልዪው። ጣራው ቆርቆሮ ከሆነና እርጥብ ከሆነ ግን አንቺ አትውጪ፣ እኔን ጥሪኝ።