ሉቭር ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣን ጎብኚ 32 ዩሮ ማስከፈሉ ተገቢ ነው? (ክርክር)

የቤልቪሏ
የዚህን ሳምንት ክርክር የምከፍተው ፓሪስ፣ ቤልቪል ሰፈር የምኖረው እኔ ነኝ። ከጃንዋሪ 14 ቀን 2026 ጀምሮ የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም መግቢያ ሁለት ዋጋ ሆኗል። የአውሮፓ ኅብረት፣ የኖርዌይ፣ የአይስላንድና የሊክተንስታይን ዜጎችና ሕጋዊ ነዋሪዎች 22 ዩሮ ይከፍላሉ፤ የቀረው ዓለም 32። ባለ መስታወቱ የሴንት ሻፔል ቤተ ክርስቲያንም መግቢያ 16 እና 22 ሆኖ ተከፍሏል። የቬርሳይና የሻምቦር ቤተ መንግሥቶች፣ የጋርኒዬ ኦፔራ ቤትም በዚሁ ውሳኔ ውስጥ ናቸው። መንግሥት የሚሰጠው ምክንያት ያረጁትን ሕንፃዎች ማደሻ ገንዘብ ያስፈልጋል የሚል ነው።

እኔ እቃወመዋለሁ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ወጪው የሚጀምረው ፓሪስ ሲደርስ አይደለም። ለሸንገን ቪዛ 90 ዩሮ ይከፍላል፤ ቢከለከል እንኳ አይመለስለትም። የአውሮፕላኑ ቲኬት አለ። ዩሮ በስንት ብር እንደሚገዛ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይህ ሰውና እኔ አብረን ሙዚየሙ በር ላይ ብንቆም፣ እዚህ ደሞዝ የሚከፈለኝ እኔ በ22 እገባለሁ፤ ቁጠባውን አሟጦ የመጣው እሱ 32 ይጠየቃል። ይህን ፍትሕ ልለው አልችልም።

አስጎብኚው
እህቴ፣ መከፋትሽ ይገባኛል፤ በሐሳቡ ግን አልስማማም። እኔ ላሊበላ ላይ እንግዳ ስመራ የኖርኩ ሰው ነኝ። የውጭ ጎብኚው ለዓመታት 50 ዶላር ከፍሎ ሲገባ፣ በባዶ እግሯ ተጉዛ ልትሳለም የመጣች እናት አንዲት ሳንቲም አልተጠየቀችም። አዲስ አበባ ያለው ብሔራዊ ሙዚየማችንም ለዜጋና ለውጭ ሰው ዋጋው ይለያያል። ግብፅ በፒራሚዶቿ፣ ህንድ በታጅ ማሃል እንዲሁ ታደርጋለች። ፈረንጆቹ ሲያማርሩ የምንመልስላቸው መልስ ምን ነበር? ቅርሱን ጠብቆ ያቆየው ሕዝብ ቅድሚያ አለው ነበር። እኛ ስናደርገው ትክክል፣ ፈረንሳይ ስታደርገው መድልዎ ልንል አንችልም። ሉቭር ከዚህ ጭማሪ በዓመት ከ15 እስከ 20 ሚሊዮን ዩሮ እጠብቃለሁ ብሏል፤ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

የቤልቪሏ
ወንድሜ፣ ላሊበላን ከሉቭር ጋር አታወዳድርብኝ። ላሊበላ ቅዳሴ የሚቀደስበት፣ ሕዝቡ የሚጸልይበት ቤት ነው። ደግሞም ድሃ አገር ለዜጋው ዋጋ ዝቅ የሚያደርገው፣ ዜጋው በፈረንጅ ዋጋ ከገዛ ቅርሱ ደጃፍ እንዳይመለስ ነው። እዚህ ነገሩ ተገልብጧል፤ ከፍ ያለውን የሚከፍለው ከድሃ አገር የመጣው ሆኗል።

ቅርሱን የሚጠብቀው ግብር ከፋዩ ስለሆነ ቅድሚያ አለው የሚለው ክርክርም አያስኬድህም። የፈረንሳይን ግብር የሚከፍል ሁሉ 22 ይክፈል ቢባል ይገባኝ ነበር። ግን አንድ የአይስላንድ ሰው ለሉቭር ምን ግብር ከፈለ? እሱ በ22 ሲገባ የፈረንሳይ ጎረቤት የሆነው ስዊዘርላንዳዊ 32 ይከፍላል፤ እንግሊዛዊውም 32። ስለዚህ መለኪያው ግብርም፣ አቅምም አይደለም። የያዝከው ወረቀት ብቻ ነው።

ከዲሲ
እኔ የአሜሪካ ፓስፖርት ስላለኝ 32 ከፋይ ነኝ፤ እውነቱን ለመናገር ግን 10 ዩሮዋ አላስጨነቀችኝም። ከውጭ ወደ ሉቭር ከሚገቡት በብዛት አንደኞቹ አሜሪካውያን ናቸው፤ ውሳኔው ያነጣጠረውም እነሱ ላይ ይመስለኛል። ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድ ሰው ኪስ የሚያራቁተው ምግብና ማደሪያ ነው። በዚያ ላይ እንነጋገር ካላችሁ፣ እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ምሳን ዋና ምግብ አድርጉት። ብዙ ምግብ ቤቶች በቀትር ላይ ሁለት ወይም ሦስት ሳህን በአንድ ዋጋ ያቀርባሉ፤ ፎርሙል ይሉታል፤ ማታ ላይ በዚያ ዋጋ አታገኙትም። ውኃ የታሸገ አትዘዙ። «ካራፍ ዶ» ካላችሁ የቧንቧውን ውኃ በነፃ ማምጣት በሕግ ግዴታቸው ነው። ቡና ቆመው ባንኮኒው ላይ ሲጠጡት ወንበር ይዘው ከሚጠጡት ይረክሳል። ከአሜሪካ የምትመጡ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ የአገልግሎት ክፍያው በዋጋው ውስጥ ተካቷል፤ እንደኛ አገር 20 በመቶ ቲፕ መተው ግዴታ የለባችሁም። አራት ሰው ሆናችሁ ማታ ስትበሉ፣ ይህ ብቻውን የሉቭርን ልዩነት ይመልሳል።

ሊዮን ያለሁ ተማሪ
የከዲሲን ምክር ሁሉ እቀበላለሁ፤ አንድ ልጨምር። ጾም ላይ የሚመጡ ዘመዶቻችን እዚህ የሚበላ የለም ብለው ዳቦ ብቻ ሲበሉ ይሰነብታሉ፤ ያሳዝናል። ፓሪስ፣ ማሬ ሰፈር ሩ ደ ሮዚዬ የሚባለው መንገድ ላይ ፈላፍል አለ። ሽምብራ ነው፤ ተጠቅልሎ በእጅ ይያዛል፤ ያጠግባል። ወተት ነክ ነገር እንዳይገባበት መጠየቅ ብቻ ነው። ከዚያ ጥቂት ደቂቃ በእግር ሄዶ የፓሪስን ታሪክ የያዘው ካርናቫሌ ሙዚየም አለ፤ ቋሚ ስብስቡን ለማየት ክፍያ የለውም።

ወደ ክርክሩ ስመለስ፦ እኔ ከ26 ዓመት በታች ስለሆንኩና ነዋሪ ስለሆንኩ ሉቭር የምገባው በነፃ ነው። እኩያዬ ከመቀሌ ወይም ከናይሮቢ ቢመጣ 32 ይከፍላል። ይህ ልዩነት ከዋጋው ክፍፍል በፊትም ነበር፤ ማንም ድምፁን አላሰማበትም። ስለዚህ የየቤልቪሏ መከራከሪያ ትክክል ከሆነ መጀመሪያ የእኔን ነፃ መግቢያ መንካት አለበት።

ግን የገንዘብ እጥረት የሚለውን ምክንያት አላምንበትም። የአገሪቱ የሒሳብ መርማሪ ፍርድ ቤት በኖቬምበር 2025 ባወጣው ሪፖርት፣ ሉቭር አዳዲስ ቅርሶችን መግዛትንና ለዓይን የሚታዩ ሥራዎችን ከሕንፃው ጥገናና ጥበቃ አስቀድሟል ብሏል። ሪፖርቱ የወጣው በኦክቶበር 19 ሌቦች በቀን ብርሃን የዘውድ ጌጣጌጦቹን ዘርፈው ከሄዱ በኋላ ነው። የሙዚየሙ የሠራተኛ ማኅበራትም የሁለት ዋጋውን አሠራር ተቃውመዋል። በር ላይ የሰው መታወቂያ እያገላበጡ «አንተ ከየት ነህ?» የሚሉት እነሱ ናቸውና ነገሩ ከማንም በላይ ይሰማቸዋል።

ጋሽ አንባቢ
ልጆቼ፣ ሁላችሁም ስለ ዋጋ አወራችሁ። ሙዚየሞቹ ውስጥ ያለው የማን ነው የሚለውን ማንም አላነሳም። እኔ ጎንደሬ ነኝ። የዳካር-ጅቡቲ ጉዞ የሚባለው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን በ1932 ጎንደር ገብቶ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አስነቅሎ ወሰደ፤ በምትኩ ቅጂ አስለጠፈ። ሥዕሎቹ ዛሬም ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። የጎንደር ልጅ የአያቶቹን ሥዕል ለማየት ቪዛ ለምኖ፣ ትኬት ቆርጦ መግባት አለበት። ሉቭርም በግብፅና በሜሶጶጣሚያ ቅርስ የተሞላ ነው፤ የካይሮና የባግዳድ ሰው ደግሞ 32 ይከፍላል። ስለ ቅርስ ባለቤትነት የሚናገረው አስጎብኚው ለዚህ መልስ ይስጠኝ።

አስጎብኚው
ጋሼ፣ ስለ አባ እንጦንስ ያሉት እውነት ነው፤ እኔንም ያመኛል። ግን ኬ ብራንሊ ሁለት ዋጋ ከጀመሩት አምስቱ ውስጥ የለም፤ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ደግሞ ለሁሉም ነፃ ነው። ሥዕሉ ይመለስልን የሚለው ጥያቄ ራሱን ችሎ መቆም አለበት። ከመግቢያ ዋጋ ጋር ካያያዝነው 10 ዩሮ ቀንሰውልን ዝም እንድንል ሊያደርጉን ይችላሉ። ሥዕሉ እዚያው ተሰቅሎ ዋጋው ቢረክስ ለእርስዎ በቂ ነው? ለእኔ አይደለም።

ጋሽ አንባቢ
ይህን ተቀብዬሃለሁ። የዋጋውን ግን አልተቀበልኩህም።

ከዲሲ
አንድ የሚያስማማን ነገር ላንሳ። ሉቭርም ራሱ በወሩ የመጀመሪያ ዓርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ያለ ክፍያ ያስገባል፤ ቦታ ቀድሞ መያዝ ብቻ ነው። ፓስፖርት አይለይም። የእኔ ችግር፣ ጁላይና ኦገስት ላይ ይህ የለም፤ ልጆች ያለን ሰዎች ደግሞ የምንጓዘው በእነዚያ ወራት ነው።

የቤልቪሏ
ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችህ ከየትም ይምጡ በየትኛውም ቀን ነፃ ናቸው፤ ስለ እነሱ አታስብ። ለእናንተ ለትልልቆቹ በእነዚያ ወራት የምመክረው የከተማው ሙዚየሞች ናቸው፦ ፕቲ ፓሌ፣ ካርናቫሌ፣ የቪክቶር ዩጎ ቤት። ከዚያ ኖትር ዳም ቤተ ክርስቲያን፤ በዲሴምበር 2024 ከቃጠሎው ተጠግኖ ተከፍቷል፤ መግቢያው ነፃ ነው። ሜትሮው ለአንድ ጉዞ ሁለት ዩሮ ተኩል ገደማ ነው፤ እነዚህ ግን አብዛኞቹ በእግር የሚያያዙ ናቸው። ከሰፈር ገበያ ዳቦ፣ አይብና ፍራፍሬ ገዝታችሁ ሴን ወንዝ ዳር ተቀምጣችሁ ብትበሉ የሚከለክላችሁ የለም።

ኖትር ዳምን ሳነሳ ደግሞ ለክርክሬ የሚጠቅመኝ ነገር አለ። በኦክቶበር 2024 በጊዜው የባህል ሚኒስትር የነበሩት ራሺዳ ዳቲ ቱሪስቶች 5 ዩሮ ከፍለው ይግቡ የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ ለሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ማደሻ። ቤተ ክርስቲያኗ «በራችን ለሁሉም ክፍት ነው» ብላ አልተቀበለችም። የፓሪስ ከተማም የሙዚየሞቿን ቋሚ ስብስብ ለዓለም ሁሉ ነፃ ስታደርግ ማንንም «ከየት ነህ?» አላለችም። በዚሁ ከተማ ውስጥ ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳያሉ።

አስጎብኚው
እህቴ፣ የከተማው ሙዚየም ነፃ የሆነው የፓሪስ ግብር ከፋይ ስለሚሸፍነው ነው፤ አንቺም ጭምር። ሉቭር በ2024 ብቻ 8.7 ሚሊዮን ሰው ገብቶበታል። ጣሪያው ያፈሳል፤ ሠራተኛው ያንሳል። ከየት ይምጣ ትያለሽ?

የቤልቪሏ
ከሁላችንም። ከሚከፍለው ሰው ሁሉ፣ ከእኔም ከአይስላንዱም ከዲሲውም፣ 2 ወይም 3 ዩሮ ይጨመር። በነፃ የሚገባውን ብንቀንስ እንኳ የተባለው 15 ሚሊዮን ሩቅ አይሆንም። እኔ 25 ለመክፈል ዛሬ ዝግጁ ነኝ፤ ከእንግዳዬ ጋር በአንድ ዋጋ እስከገባሁ ድረስ።